ኮት የሸኛት ሙሽራ

እኔ ሁለት ጊዜ ተወልጃለሁ። የመጀመሪያውን ልደቴን እንደማንኛውም ሰው ከሌሎች ሰምቼ ነው የማውቀው። ሁለተኛውን ግን እያየሁና እየሰማሁ፣ የማስታወሻ ደብተሬን በኪሴ ይዤ ተወለድሁ። ቦታው ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገድ ዳር የምትገኘው ሲሬ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ስላለኝ ብዙ አነባለሁ፤ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ሆነን በዚህች ምድር ኖረናል የሚሉ ሰዎች የጻፉትንም አንብቤአለሁ። እንዳስተዋልሁት ባለፈ ሕይወታቸው ሁሉም ንጉሥ ወይም የጦር አለቃ ነበሩ፤ በረኛ የነበረ አንድም አላገኘሁም። ምስክር ስለማይጠሩም አላመንኋቸውም። የእኔ ያለፈ ሕይወት ግን ምስክሮች አሉት። በዚያ ሕይወት ስሜ ገመቹ ነበር፤ በኦሮምኛ ደስ መሰኘት እንደ ማለት ነው። የንብ አናቢ ልጅ ነበርሁ፣ እኅትም ነበረችኝ። ያን ሕይወት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ያጠፋሁት ራሴ ነኝ።

በቅርቡ ለወጣት የሬዲዮ ጋዜጠኞች ሥልጠና እንድሰጥ ነቀምት ተጠራሁ። ከተማዋን በወጣትነቴ ሦስት ዓመት ኖሬባታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን፣ በሥራ ያልረገጥሁት የአገሪቱ ጥግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ወደዚያ የሚወስድ ጉዞ በመጣ ቁጥር ለሌላ ባልደረባ አሳልፌ ስሰጥ ኖሬአለሁ። ምክንያቱን ማንም አልጠየቀኝም። ከመኪናው ስወርድ ዝናብ አባርቶ ነበርና የቀዩ አፈር ሽታ ተቀበለኝ። ድሮ የአውቶቡስ ተራው ከነበረበት አካባቢ ዞር ዞር አልሁ። ፓስቲ በዐሥር ሳንቲም የሚሸጥበት፣ ሻዩ በብርጭቆ እስከ አፉ የሚሞላበት ቤት የስልክ መሸጫ ሆኗል። ከሱቁ ደጃፍ የሚጮኸው ማጉያ ብቻ እንደ ድሮው ነው፤ ዘፈኑ ተለውጧል፣ ጩኸቱ አልቀነሰም። ልብስ ሰፊው ጋሽ በየነ በእግሩ የሚረግጣትን መኪና ዘርግቶ የሚቀመጥበት በረንዳም አለ፤ ጋሽ በየነ ግን የለም። የዚያን ዘመን ወጣት ሱሪው ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ጠጉሩ ደግሞ በበር ለመግባት የሚያስቸግር ነበር። እኔ በአፍሮዬ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አንደኛ ነበርሁ። ዛሬ ባርኔጣ የማደርገው ለብርዱ ነው እላለሁ።

በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን ያስተማርሁት ስለ እርማት ነበር። እርማት አጭር ይሁን፤ ስሕተቱን አትሸፋፍኑ፣ ሰበብ አትደርድሩ፣ ትክክለኛውን አስቀምጡና ዝም በሉ አልኋቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇን አወጣች። ስሕተቱ ከተሠራ ብዙ ዓመት ቢሆነውስ፣ የተበደለው ሰውም ሞቶ ቢሆንስ ብላ ጠየቀች። ስሕተት ይርጋ የለውም ብዬ መለስሁ። መልሱን ወደድሁት፤ ሰልጣኞቹም ጻፉት። ለሻይ ስንወጣ ወጣቷ አጠገቤ መጣች።

«ገመቹ ቶሌራ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰዎችን ያልጠበቁትን ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ በዚያች ሰዓት ፊታቸው ምን እንደሚመስል በደንብ አውቃለሁ። የእኔ ምን እንደመሰለ ግን አላውቅም። ልጅቷ ወንበር ሳበችልኝ። ስሟ ኢፍቱ እንደሆነ፣ እናቷ የሲሬዋ ለሊሴ እንደሆነች ነገረችኝ። ጡረታ ስወጣ ስለ ሥራ ዘመኔ በጋዜጣ የጻፍሁትን ጽሑፍ ለእናቷ አንብባላታለች። «ከነቀምት በአስቸኳይ ትእዛዝ ተጠርቼ ሄድሁ» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እናቷ አስቁማ ደግማ አስነብባታለች። በሥልጠናው ላይ የጠየቀችኝንም ጥያቄ ጠይቂው ብላ የላከቻት እናቷ ናት።

እንግዲህ ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጥ። ሪፖርተር ሆኜ ከሸዋ ነቀምት ተመድቤ በመጣሁ በዓመቴ ስለ ንብ እርባታ ልዘግብ ሲሬ ወረድሁ። ንብ አናቢውን ኦቦ ቶሌራን (ኦቦ እንደ አቶ ማለት ነው) ያገኘኋቸው ዛፍ ላይ ነው። ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ነበርና ጥያቄዬን ከታች ሆኜ እየጮህሁ፣ እሳቸውም ከላይ ሆነው እየመለሱ ነበር የጀመርነው። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ወደቅሁ፤ ወባ ነበር። ሁለት ሳምንት እቤታቸው ተኛሁ። ባለቤታቸው አንጮቴ የሚባለውን ሥር ቀቅላ፣ ልጣጩን ገፍፋ፣ በቅቤ አሽታ በእጇ ታጎርሰኝ ነበር። የሥሩ ጣዕም ከድንችም ከጎደሬም ይለያል፤ ከወለጋ ውጭ ብዙ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁትም። ልጃቸው ለሊሴ ያኔ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ወንድሟ በሕፃንነቱ ሞቶባታል። ኦሮምኛ ስናገር ንቦቹ ሳይቀሩ ይሸሻሉ እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ የሚያስተምረኝ ግን ከእሷ ሌላ አልነበረም።

ከዳንሁ በኋላም በየሳምንቱ ቅዳሜ ሲሬ መውረድ ልማዴ ሆነ። አንድ ቀን ኦቦ ቶሌራ ጎረቤት ጠርተው አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነከሩና ጥባ አሉኝ። በዚያ አገር ከድሮ የወረደ ልማድ ነው፤ ከሰው ጣት ላይ ማር የጠባ ልጅ ሆነ ማለት ነው፣ የማደጎ አይባልም፣ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እንዳልነበረ ይቆጠራል። የሠፈሩ ወንጌላዊ ተጠርተው ነበርና ይህ የጥንት ነገር ነው፣ ለአማኝ አይሆንም ብለው ተቃወሙ። ኦቦ ቶሌራ ማሩን አቀበሏቸው። ወንጌላዊው ቀመሱ፣ ደገሙ፣ ከዚያም ተነሥተው ረዘም ያለ ጸሎት ጸለዩልኝ። ስሜን ገመቹ አሉኝ። ለሊሴ አሁን ወንድሜ ስለሆንህ መስደብ ተፈቅዶልኛል አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ማሩ የግራር አበባ ጣዕም ነበረው፤ ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ለሊሴ ስትታጭ የሰርጉ ቀን ቅዳሜ ሆነ። በእነሱ ቤት ልማድ ሙሽራ ከደጃፍ የምትወጣው በወንድሟ እጅ ነው። ወንድም ከሌላት እጇን የሚይዝ የለም፤ እንዲሁ ትወጣለች፣ ሲያዩዋትም ያሳዝናል። ለሊሴ ግን አሁን ወንድም ነበራት። ለዚህ ቀን ብዬ ጋሽ በየነ ዘንድ ቡናማ የገበርዲን ኮት አሰፋሁ፤ ኮሌታው እንደ ሁለት የኮባ ቅጠል ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነበር። እንዳይጨማደድ ቀደም ብዬ ሲሬ ወስጄ ግድግዳው ላይ ሰቀልሁት። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ ብዬ ተመለስሁ።

ሐሙስ ዕለት ከዋናው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መጣ። አዲስ አበባ ለመዛወር የሚፈልግ ሪፖርተር ሰኞ ጠዋት ለፈተና ይቅረብ ይላል። የሚፈለገው አንድ ሰው ነበር። ትእዛዝ አልነበረም፣ ማስታወቂያ ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ያወጣሁ ያወረድሁት ነገር ሲጠቃለል ይህ ነው፤ ሰርጉ ላይ ከዋልሁ የእሑዱ አውቶቡስ ሞልቶ ቢያመልጠኝስ? አንድ ቀን ቀድሜ ገብቼ ባጠናስ? ደግሞ ሲሬ ከወረድሁ፣ ያን ቤት ካየሁ፣ መሄድ የሚሆንልኝ አልመሰለኝም። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርሁ። በሲሬ በኩል የሚያልፈው ያው አውቶቡስ ነው።

ዳሱ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኖ ከመንገዱ ይታያል። አውቶቡሱ ሲቆም ከመስኮቱ ሥር ሸርተት ብዬ ጉልበቴ ላይ ተደፋሁ። ከበሮው ይሰማኛል፣ እልልታው ይሰማኛል። ከዚያም የኦቦ ቶሌራ ድምፅ፣ ረዳቱን ገመቹ የሚባል ልጅ አልመጣም ወይ ብለው ሲጠይቁት ሰማሁ። ረዳቱ እንዲህ የሚባል ሰው አላሳፈርሁም አላቸው። እውነቱን ነው፤ ትኬቱ ላይ ያለው የወለደኝ አባቴ ያወጣልኝ ስም ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ባልቴት ሆድህን ነው ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ። አዎ አልኋቸው። ከሲሬ እስከ አኖ ድረስ ሆዱን የታመመ ሰው ሆኜ ተጓዝሁ፤ ባልቴቷ ሎሚ ከፍለው አስመጠጡኝ። ፈተናውን አለፍሁ። ሥራዬን ወደድሁት፤ በዚህ አልዋሽም፣ መልካም ሕይወት ነበር።

ከወር በኋላ ለኦቦ ቶሌራ መሥሪያ ቤቱ በትእዛዝ ይዞኝ ነው ብዬ ጻፍሁ። የደብዳቤ መልስ አልመጣም። በመኸር ግን አንድ የነቀምት አውቶቡስ ረዳት በቆርቆሮ የታሸገ ማር መሥሪያ ቤቴ በር ላይ አድርሶ ሄደ። በተከታዩ ዓመትም መጣ፣ ከዚያም በኋላ መጣ። ጓደኞቼ ሁሉ ከዚያ ማር በልተዋል። ልጆቼም ጥርስ ያወጡት በእሱ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ መኸር ማሩ ቀረ። ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ጥያቄ መጠየቅ ሥራዬ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልጠየቅሁም። ሌላው ጥፋቴ በወጣትነት የተሠራ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ግን ጎልማሳ ሆኜ፣ አውቄ የሠራሁት ነው፤ ስጸልይ መጀመሪያ የሚመጣብኝም እሱ ነው።

ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ከኢፍቱ ጋር ሲሬ ወረድን። ሚኒባሱ ውስጥ ምን እንደምል ስለማመድ ኢፍቱ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር። የደጁ የማንጎ ዛፎች አርጅተው የኦቦ ቶሌራን ቤት ከላይ ጋርደውታል። ቤቱን የወረሰችው ለሊሴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አንጮቴ ትልጣለች። ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«ኤሳ ቱርቴ?» አለች። የት ቆየህ ማለት ነው። ሰው ከገበያ ዘግይቶ ሲመለስ የሚባል ነው።

የተለማመድሁትን፣ ስለ ቅዳሜው ልናገር ስጀምር ባርኔጣህን አውልቅ አለችኝ። አወለቅሁ። በራ ራሴን ትክ ብላ አየችና ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ያን ጠጉርህን ያኔ ብታጣው ኖሮ ማንም ባላየህ» አለች። «ራስህን ደፍተህ አፍሮህ በመስኮቱ ቀረ እኮ። አባባ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ አየው።»

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከዐርባ ዓመት በላይ አልፏል። ያን ሁሉ ዘመን አልታየሁም ብዬ ነበር የኖርሁት። ኦቦ ቶሌራ ለምን አልጠሩኝም ብዬ ጠየቅሁ። ልጄ ከመኪና አልወርድም ካለ እኔ ጎትቼ ላወርደው ነው ወይ ብለው ለእናቷ መናገራቸውን ነገረችኝ። ዳሱ ውስጥ ገብተው ግን ለሰርገኛው ሌላ ነገር ነው የተናገሩት። ገመቹን መሥሪያ ቤቱ በትእዛዝ ይዞብኛል፣ በእኔ ፈንታ ኮቴ ይሸኛት ብሎ ልኳል አሉ። ኮቱን ከግድግዳው አውርደው አንጠለጠሉት፣ ለሊሴም እጅጌውን ይዛ ደጃፉን ተሻገረች። ከዚያ አንዲት ሴት ወንድም ኮቱን ልኮ እሱ በየት ቀረ፣ ሙሽራ በቁልፍ ተዳረች የሚል ግጥም ድንገት አወጣች፣ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። በሲሬ እንደዚያ የተዘፈነበት ሰርግ የለም አለች ለሊሴ። በኋላ የእኔ ደብዳቤ ሲመጣ ኦቦ ቶሌራ አስነበቡና ያው የእሳቸው ሰበብ ቃል በቃል ተጽፎ አገኙት።

«ምን አለ መሰለህ?» አለች። «ይሄስ እውነትም ልጄ ነው፤ ውሸታችን እንኳ አንድ ነው ብሎ ሲስቅ ዋለ።»

እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁ ዐይኔ ሲሞላ አይታ አንድ የተላጠ አንጮቴ ሰጠችኝ፤ ጥሬውን እንድበላ አልነበረም፣ የሚያዝ ነገር እንዲኖረኝ ነው። ከዚያ ኢፍቱን ወደ ውስጥ ላከቻት። ኢፍቱ ኮቱን በነጠላ ተጠቅልሎ ይዛ ወጣች። ቀለሙ ወደ አፈርነት ሄዷል፤ የቀኙ እጅጌ ጫፍ ደግሞ በእጅ ብዛት አልቆ ጨርቁ ሳስቷል። የለሊሴ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ልጆችም፣ የዘመድ ልጆችም ከዚያ ቤት የወጡት ያን እጅጌ ይዘው ነው። ወንድም ያላቸው ሳይቀሩ በአንድ በኩል ወንድማቸውን፣ በአንድ በኩል ኮቱን ይዘው ወጡ፤ የቤቱ ልማድ ሆነ። እኔ ከአገር የጠፋሁ ሆኜ ሳለ ኮቴ በሲሬ የተከበረ ሽማግሌ ሆኖ ኖሯል። ለካሁት፤ ቁልፉና ቁልፍ ማስገቢያው በመካከላቸው አንድ ስንዝር ሆድ ስላለ አልተገናኙም። ኢፍቱ «ኤሱማ፣ ትንፋሽ ይያዙ» አለችኝ። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው። ማንም እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

ይቅርታ እንድታደርግልኝ ጠየቅኋት። ምንም ሳታስጨንቀኝ፣ ግን ሳትቸኩል መለሰች።

«ይቅርታውን አባባ ሰጥቶሃል። በየመኸሩ የሚልክልህ ምን መሰለህ? በልተኸዋል እኮ።»

ከዚያ ቢላዋዋን አስቀመጠች። አባቷ ሐሰት የማይናገር ሰው እንደነበሩ፣ በቤተ ክርስቲያንም በገበያም በቃላቸው እንደሚታመኑ ታውቃለህ አለችኝ፤ አውቃለሁ። በእድሜያቸው አንዲት ውሸት አለች፣ እሷም ያቺ ናት፤ በጉባኤ ፊት የተናገሯት። ሊሞቱ ሲሉ አንሥተዋት ነበር። እናቷ የልጅህን ገመና መሸፈን ኃጢአት አይደለም ብትላቸው፣ ኃጢአት ባይሆንም ከባድ ናት ብለዋል። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ ተባለ። ወንዱ አልነበረም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፣ ማንም ግን እርማት አልጠየቀም።

«አንተ ጋዜጠኛ ነህ» አለች። «ያን ውሸት አንተም በጋዜጣ ደገምኸው። ከአባባ ላይ አንሣለት። ሌላ የምፈልግብህ የለም።» ወደ ኢፍቱም በአገጯ አመለከተች። «አለ እንጂ። የዚህች ጊዜ ኮቱ ውስጥ ሰው ይኑርበት።»

ኢፍቱ መጀመሪያ ባል ይገኝ አለች። ለሊሴ ኮቱ ዐርባ ዓመት ጠብቋል፣ አይቸኩልም አለቻት። አንጮቴው በቅቤ መጣ። ልክ የድሮው ነው፤ ሦስት ጊዜ አስጨመርሁ። እየበላሁ ዳግም ስለ መወለድ ሳወራ ለሊሴ አቋረጠችኝ። ወንጌሉ ዳግመኛ ተወለዱ ይላል፣ አንተ ሦስተኛ ብትወለድ ማን ይከለክልሃል፣ ብቻ በዚህኛው ጊዜ አውቶቡስ አትሳፈር አለችኝ። ማታ ወደ ማደሪያዬ የሸኘኝ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ገመቹ እያለ ይጠራኝ ነበር። ሳላስበው አቤት ማለት ጀመርሁ።

ጸጸቱ አልለቀቀኝም። ኦቦ ቶሌራ ሲቀበሩ አልነበርሁም፤ ይህን የሚያርም ጽሑፍ የለም። የሚታረመውን ግን ለወጣቶቹ ባስተማርሁት ደንብ መሠረት፣ ሳልሸፋፍንና ሰበብ ሳልደረድር ከዚህ በታች አስቀምጬ ዝም እላለሁ።

እርማት። ከነቀምት በአስቸኳይ ትእዛዝ ተጠርቼ ሄድሁ ብዬ የጻፍሁት ስሕተት ነው። ትእዛዝ አልነበረም። ኦቦ ቶሌራ በልጃቸው ሰርግ ላይ ስለ እኔ የተናገሩት ሐሰት የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነው። በቀብራቸው ላይ የተነበበው፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ የሚለው፣ ትክክል ነው። እሑድም አውቶቡስ ነበር።

ገመቹ ቶሌራ